ዐይን ብርሃን ትልካለች ወይስ ትቀበላለች?
ኢብኑል ሀይሰምና የመፈተን ልማድ

 

ስለ ሳይንስና ስለ ኪነ ጥበብ ታሪክ ጨዋታ ሲነሳ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንደኛው «ሁሉንም ነገር ቀድመው ያገኙት ሙስሊሞች ናቸው፤ ሌላው ከእኛ የወሰደ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሳይንስ የፈረንጅ ነው፤ እኛ ተምረን ፈተና እናልፍበታለን እንጂ ድርሻ የለንም» የሚል ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው አባቶቹ በሠሩት እየኮራ ቁጭ ይላል፤ ሁለተኛውም ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ይላል። ሁለቱም ኪታቡን ገልጠው አላነበቡትም።

ስለዚህ በዚህ እትም ብዙ ስም ከመደርደር አንድ ሰውና አንድ ኪታብ መርጠናል። ሰውየው አቡ ዐሊ አል-ሀሰን ኢብኑል ሀይሰም ነው። ኪታቡ ደግሞ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት የጻፈው «ኪታቡል መናዚር» ነው። ይህ ሥራ በሳይንስ ታሪክ ትልቅ ምዕራፍ ከመክፈቱም በላይ በሥዕል ታሪክ ውስጥ እጁ አለበት። ምን እንዳደረገ፣ የት ላይ እንደተሳሳተና ሥራው ወዴት ወዴት እንደተጓዘ በቅደም ተከተል እንይ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ሂጅሪ ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእርሱ በፊት የነበረው ክርክር

አንድ ዛፍ ፊት ለፊታችን ቆሟል። ዐይናችንን ስንገልጥ እናየዋለን። ይህ እንዴት ይሆናል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የጥንት ግሪክ ሊቃውንትን ከፋፍሏቸው ነበር። እንደ ዩክሊድና ቶለሚ ያሉት የሒሳብ ሰዎች «ከዐይን ጨረር ይወጣል፤ ጨረሩ የነካውን ነገር እናያለን» አሉ። ዐይነ ስውር በበትሩ መንገዱን ዳስሶ እንደሚያውቅ፣ ዐይንም በጨረሯ ትዳስሳለች እንደ ማለት ነው። የአርስቶትል ተከታዮች ደግሞ ከዐይን የሚወጣ ነገር እንደሌለ፣ ይልቁንም የሚታየው ነገር መልክ በአየሩ በኩል ወደ ዐይን እንደሚደርስ ያስተምሩ ነበር።

ሁለቱም ወገኖች ጠንካራም ደካማም ጎን ነበራቸው። የጨረር ወገኖች መስመር እየሳሉ አንድ ነገር ከሩቅ ለምን ትንሽ ሆኖ እንደሚታይ በጂኦሜትሪ ማሳየት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ዐይናችንን እንደገለጥን ከዋክብት ድረስ በቅጽበት የሚደርስ ጨረር ከዚህች ትንሽ አካል እንዴት ይወጣል ሲባሉ ይቸገሩ ነበር። የሌላው ወገን ሰዎች በበኩላቸው የተራራን ያህል ነገር መልክ በትንሿ የዐይን ብሌን በኩል እንዴት እንደሚገባ በሒሳብ ማስረዳት አልቻሉም።

እነዚህ መጻሕፍት በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ። በዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ ካበረከቱት አንዱ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ የተባለ ክርስቲያን ሐኪም ነው፤ ስለ ዐይንም ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፏል። ሙስሊሙ ፈላስፋ አል-ኪንዲ ደግሞ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በጨረር ወገኖቹ ሐሳብ ጸና። ኢብኑል ሀይሰም ሲነሳ እጁ ላይ የነበረው እንግዲህ ከግሪክ፣ ከክርስቲያንም ከሙስሊምም የተሰበሰበ ሀብት ነው። ከባዶ የጀመረ ሰው አልነበረም።

ከበስራ እስከ ካይሮ

ኢብኑል ሀይሰም በ965 አካባቢ በዛሬዋ ኢራቅ በበስራ ተወለደ። ስለ ሕይወቱ የጻፉት የታሪክ ሰዎች አንድ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር ይተርካሉ። የዐባይን ውሃ ለሰው በሚጠቅም መንገድ መቆጣጠር እችላለሁ ማለቱን የፋጢሚዮቹ ኸሊፋ አል-ሀኪም ሰምቶ ወደ ግብፅ አስጠራው። ኢብኑል ሀይሰምም ወንዙን ተከትሎ ወደ ደቡብ እስከ አስዋን አካባቢ ወረደ። በመንገዱ ላይ የጥንት ግብፃውያን ያነጿቸውን ግዙፍ ሕንፃዎች ሲያይ፣ ይህን ያህል ጥበብ የነበራቸው ሰዎች ነገሩ ቢቻል ኖሮ ይተዉት አልነበረም ብሎ አሰበ። ቦታውንም መርምሮ ዕቅዱ እንደማይሠራ ተረዳ፤ ተመልሶም ለኸሊፋው አልቻልኩም አለ።

አል-ሀኪም የሚፈራ ገዢ ነበር። ተራኪዎቹ እንደሚሉት ኢብኑል ሀይሰም ቅጣቱን ለማምለጥ አእምሮው የተነካ መስሎ ኸሊፋው በ1021 እስኪሞት ድረስ በቤቱ ተዘግቶ ኖረ። ከዚያ በኋላ በአል-አዝሀር መስጊድ በር አጠገብ እየኖረ የዩክሊድንና የቶለሚን መጻሕፍት በእጁ እየገለበጠ በመሸጥ ይተዳደር ነበር ይባላል። በ1040 አካባቢ ካይሮ ውስጥ እስኪሞት ድረስም መጻፉን አላቆመም። ከበርካታ ሥራዎቹ መካከል ትልቁ በሰባት ክፍል የተዘጋጀው «ኪታቡል መናዚር» ነው።

የመብራቶቹ ሙከራ

ኢብኑል ሀይሰም በመጀመሪያ ሁላችንም ወደምናውቀው ነገር መራን። ፀሐይን ትኩር ብለን ስናይ ዐይናችን ይታመማል። ደማቅ ነገር አይተን ዐይናችንን ስንጨፍን የብርሃኑ ምልክት ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ብርሃን ከውጭ መጥቶ ዐይን ላይ ሥራ ይሠራል። ጨረር ከዐይን ይወጣል የሚለው ደግሞ ለምንም የማያስፈልግ ትርፍ ሐሳብ ነው።

ቀጥሎ ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ ፈተነ። ከሙከራዎቹ አንዱ ይህ ነው። በአንድ ጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበጃል። ከቀዳዳው ውጭ ብዙ መብራቶች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ወደ ክፍሉ ገብተን ከቀዳዳው ትይዩ ያለውን ግድግዳ ስናይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ ነጠብጣብ ብርሃን እናገኛለን። አንዱን መብራት ስንከልል ከነጠብጣቦቹ አንዱ ብቻ ይጠፋል፤ ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። መከለያውን ስናነሳ የጠፋው ወደ ቦታው ይመለሳል። የእያንዳንዱ መብራት ብርሃን በቀዳዳው ውስጥ ሲያልፍ ከሌላው ጋር አይደባለቅም፤ ሁሉም በየራሱ ቀጥ ያለ መስመር ይሄዳል ማለት ነው።

ይህን እናንተም ዶርም ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ካርቶን በምስማር ብሱና ማታ መብራት አጥፍታችሁ ከግድግዳው ፊት አቁሙት። ከካርቶኑ ጀርባ የሁለት ሞባይል መብራት አራርቃችሁ አብሩ። ግድግዳው ላይ ሁለት ነጠብጣብ ታያላችሁ። በስተግራ ያለውን ሞባይል በእጃችሁ ብትሸፍኑ የሚጠፋው በስተቀኝ ያለው ነጠብጣብ ነው፤ መስመሮቹ ቀዳዳው ላይ ተሻግረዋልና። ቀዳዳውን ብታሰፉት ነጠብጣቡ ይደምቃል፣ ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። በዚሁ ምክንያት ቀን መስኮታችሁን በደንብ ጨልማችሁ ትንሽ ቀዳዳ ብትተዉ ውጭ ያለው ሕንፃና ዛፍ ግድግዳው ላይ ተገልብጦ ይታያል።

እዚህ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩ ሁለት ነገሮችን ማረም ይኖርብናል። «ካሜራ» የሚለው ቃል «ቀመራ» ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጣ አይደለም፤ የላቲን ቃል ሲሆን ክፍል ማለት ነው። በቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃን ምስል እንደሚሠራ ያስተዋለ የመጀመሪያ ሰውም ኢብኑል ሀይሰም አይደለም፤ ከእርሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በቻይናም በግሪክም ተጽፏል። የእርሱ ሥራ ነገሩን አንድ በአንድ እየለዋወጡ መፈተንና ከፈተናው ስለ ብርሃን ባሕርይ ድምዳሜ ላይ መድረስ ነው። ይህን ዓይነቱን ፍተሻ «ኢዕቲባር» ይለዋል። ለእርሱ የማይገባውን ክብር ባንሰጠውም የሚገባው ይበቃዋል።

ዐይን፣ አእምሮና ውበት

ብርሃን ወደ ዐይን የሚገባ ከሆነ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ከዛፉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን የሚልከው በሁሉም አቅጣጫ ነው። እንግዲያው የዐይናችን እያንዳንዱ ቦታ ላይ ከዛፉ ነጥቦች ሁሉ የመጣ ብርሃን ይደርሳል። ታዲያ የምናየው ለምን የተዘበራረቀ ነገር አልሆነም? ኢብኑል ሀይሰም ያቀረበው መልስ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ ከሚመጣው ብርሃን መካከል ዐይን ለማየት የምትጠቀምበት በዐይን ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፈውን ብቻ ነው፤ በጎን የሚመጣው ይሰበርና ይዳከማል የሚል ነው። በዚህም የሚታየው ነገር አንድ ነጥብ በዐይን ውስጥ ካለ አንድ ነጥብ ጋር ተያያዘ። የጨረር ወገኖች ጂኦሜትሪ፣ የሌላው ወገን ብርሃን ከውጭ ይመጣል የሚለው ሐሳብና የሐኪሞች የዐይን ዕውቀት መጀመሪያ በአንድ ቦታ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አላበቃም። ማየት በዐይን ብቻ እንደማይፈጸም፣ ማስታወስ፣ ማወዳደርና መፍረድ እንደሚጨመርበት ጻፈ። ጨረቃ ከአድማስ ላይ ስትወጣ ትልቅ፣ ሰማይ መካከል ስትደርስ ግን ትንሽ መስላ የምትታየን አእምሯችን ርቀቷን በተለያየ መንገድ ስለሚገምት እንደሆነ አስረዳ። ዐይን የምትለያቸውን ነገሮች 22 አድርጎ ቆጠራቸው። ከብርሃን፣ ከቀለም፣ ከርቀትና ከመጠን ጋር ውበትንም ከቁጥሩ አስገባ። ለውበት ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ መልካም የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ በቅርጻቸውና በአቀማመጣቸው ሲመጣጠኑ ጽሑፉ ያምራል። ይህ በዘመኑ ለነበረ አንባቢ እንግዳ አልነበረም። ከእርሱ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ የዐረብኛን ፊደል መጠን በብዕር ነጥብና በአሊፍ ርዝመት መለካት ጀምሮ ነበርና።

የተሳሳተበት ቦታ

ኢብኑል ሀይሰም ምስሉ የሚሠራው በዐይን ሌንስ ላይ ነው፤ ያውም ሳይገለበጥ ነው ብሎ ያምን ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን እያወቀ፣ ዐይን ራሷ እንደ ጨለማ ክፍል መሆኗን ግን አላለም። ምስሉ ከኋላ ባለው ሬቲና ላይ ተገልብጦ እንደሚያርፍ ያስረዳው ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 ነው።

ይህን የጻፍነው ከክብሩ ለመቀነስ አይደለም። ኢብኑል ሀይሰም ራሱ የቶለሚን ሥራዎች የመረመረበት «አሽ-ሹኩክ ዐላ በጥለምዩስ» የሚባል ኪታብ አለው፤ በቶለሚ ላይ ያሉ ጥርጣሬዎች ማለት ነው። በዚያ ኪታብ የሚሰጠው ምክር በጥቅሉ ይህ ነው፦ እውነትን የሚሻ ሰው የቀደሙትን ሊቃውንት ስም አይቶ በቃላቸው አይረጋም፤ እያንዳንዱን ነገር ከየአቅጣጫው ይመረምራል፤ የራሱንም አስተሳሰብ ከጥርጣሬ ነፃ አያደርግም። ኬፕለር ሲያርመው ያደረገው እንግዲህ ኢብኑል ሀይሰም ያዘዘውን ነው።

ኪታቡ የተጓዘባቸው መንገዶች

በምሥራቅ በኩል ኪታቡን ያነሳው ከማሉዲን አል-ፋሪሲ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኪታቡን እያብራራና እያረመ ሳለ ቀስተ ደመና እንዴት እንደሚፈጠር መመርመር ፈለገ። የዝናብ ጠብታን በእጅ ይዞ መመርመር ስለማይቻል ውሃ የተሞላ የመስታወት ሉል በጠብታ ፋንታ ተጠቀመ። ብርሃኑ ሲገባ ይሰበራል፤ በውስጥ በኩል ይንጸባረቃል፤ ሲወጣ እንደገና ይሰበራል። በዚያው ዘመን በጀርመን የነበረ ቴዎዶሪክ የተባለ መነኩሴ አል-ፋሪሲን ሳያውቀው ተመሳሳይ መልስ ላይ ደረሰ። ሁለቱንም በሩቁ የሚያገናኛቸው ኢብኑል ሀይሰም የጀመረው የብርሃን ትምህርት ነው።

በምዕራብ በኩል ኪታቡ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን ቋንቋ ይነበብ ነበር። አውሮፓውያን የጸሐፊውን ስም «አልሀዘን» አሉት። እንግሊዛዊው ሮጀር ቤከንና ከፖላንድ ምድር የመጣው ዊቴሎ ስለ ብርሃን ሲጽፉ ከእርሱ ብዙ ወስደዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጣልያንኛም ተመለሰ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሥዕል ጋር የሚገናኘው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፍሎረንስ ከተማ ሠዓሊዎች በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ጥልቀት ያለው ቦታ መሳል የሚያስችል ደንብ አገኙ። ዛሬ ፐርስፔክቲቭ እንለዋለን፤ የመንገድ ሁለት ጠርዞች ከሩቅ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ መስለው የሚሳሉበት ዘዴ ነው። ብሩኔለስኪ በሥራ አሳየው፤ አልቤርቲ በ1435 በመጽሐፍ አስተማረው። ደንቡ የቆመው ከሚታየው ነገር ተነስተው ዐይን ላይ በሚሰበሰቡ ቀጥተኛ መስመሮች ጂኦሜትሪ ላይ ነው። ይህ ጂኦሜትሪ ሥሩ ዩክሊድ ጋር ቢሆንም አውሮፓ የተማረችው በአብዛኛው ኢብኑል ሀይሰምን ባነበቡ ሰዎች በኩል ነው። የፍሎረንስን ዝነኛ የነሐስ በሮች የሠራው ጊቤርቲም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከኪታቡ የጣልያንኛ ትርጉም ብዙ ገልብጧል።

ፐርስፔክቲቭን የፈለሰፉት ሙስሊሞች ናቸው አንልም። በሙስሊሙ ዓለም የነበሩ ጥበበኞች ያንኑ የጂኦሜትሪ ዕውቀት ወደ ሌላ መንገድ ወስደው በጽሑፍ፣ በጌጥና በሕንፃ ላይ አዋሉት። አንድ የዕውቀት ምንጭ ሁለት የተለያዩ ኪነ ጥበቦችን አጠጥቷል።

የላቲኑ ትርጉም በ1572 ባዝል ከተማ ላይ ታተመ፤ በዚያው ጥራዝ የዊቴሎም መጽሐፍ አብሮ ነበረ። ኬፕለር በ1604 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ እንደሚያመለክተው ለዊቴሎ ሥራ ተጨማሪ ሆኖ የተጻፈ ነው። ሰንሰለቱ ከግሪክ ወደ ባግዳድ፣ ከዚያ ወደ ካይሮ፣ ወደ ፋርስና ወደ ፍሎረንስ፣ በመጨረሻም ኬፕለር እጅ ደረሰ። የተባበሩት መንግሥታት 2015ን የብርሃን ዓመት ብሎ ሲያከብር ከተዘከሩት መካከል የኢብኑል ሀይሰም ሥራ አንዱ የነበረውም ለዚህ ነው።

ስለ ድምፅስ?

ሙዚቃን ስለ መስማት ዑለማዎቻችን የሚሉት የፊቅህ ጉዳይ ነው፤ ወደዚያ አንገባም። ስለ ድምፅ የተጻፈው ዕውቀት ግን ተመሳሳይ መንፈስ ስላለው ማለፍ አልፈለግንም። በ950 የሞተው አል-ፋራቢ «ኪታቡል ሙሲቃ አል-ከቢር» የሚባል ሰፊ ሥራ አለው። ከፓይታጎራስ ጀምሮ ሲወርድ የመጣውን፣ ፕላኔቶች ሲዞሩ ዜማ ያሰማሉ የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። ስለ ድምፅ የሚነገር ሕግ በሠለጠነ ጆሮና በመሣሪያው ላይ መረጋገጥ እንዳለበት አስተማረ፤ የዑድን ጅማቶች ጣት የሚያርፍባቸውን ቦታዎችም በዝርዝር ለካ። አንዱ በዐይን፣ ሌላው በጆሮ ይሁን እንጂ ሁለቱም የተወረሰ ቃል ሳይፈተን አይታለፍም ብለዋል።

ወደ እኛ የሚመጣው ክር

ኢብኑል ሀይሰም አጠገቡ ኖረ የተባለለት አል-አዝሀር ከጊዜ በኋላ ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶችም ቤት ሆነ። በዚያ «ሪዋቀል ጀበርቲያ» የሚባል፣ ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ ማደሪያና መማሪያ ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው ከጀበርት ምድር ሄደው ካይሮ ከሰፈሩ ቤተሰቦች መካከል የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲ ቤተሰብ ይገኛል። አባቱ ሸይኽ ሀሰን አል-ጀበርቲ፣ በ1774 የሞቱት፣ ከዲን ዕውቀታቸው ጋር በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ነበሩ። ልጃቸው እንደመዘገበው በ1159 ሂጅሪ የአውሮፓ ተማሪዎች መጥተው ጂኦሜትሪ ቀርተውባቸዋል። ከጀበርት የመነጨ ዓሊም ካይሮ ላይ ተቀምጦ ለፈረንጆች ጂኦሜትሪ ሲያስተምር ማለት ነው። ድርሻ የለንም ለሚለው ወንድማችን ይህ መልስ ይሆነዋል ብለን እናምናለን።

ምን ይዘን እንውጣ?

የሐዲስ ዑለሞቻችን አንድ ቃል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተላለፈ ሲባል ማን ከማን ሰማ፣ አስተላላፊው ታማኝ ነው ወይ እያሉ ሰንሰለቱን ይመረምራሉ። ሳያረጋግጡ አለመቀበል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በስልካችን የሚደርሰንን «ይህን ያገኘው ሙስሊም ነው» የሚል ጽሑፍ ግን ሳናጣራ እናስተላልፋለን። ስህተት ሆኖ ሲገኝም እውነተኛው ታሪክ አብሮ ይናቃል።

ከዚህ ተነስተን ሦስት ነገር እንጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ስለ ሙስሊም ሊቃውንት የሚነገር ነገር ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት ላይብረሪ ገብታችሁ አጣሩ። ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪ ስትገቡ ውጤቱን ከሲኒየር ሪፖርት ላይ አትገልብጡ፤ የተጠበቀው ቁጥር ባይመጣ እንኳ ያገኛችሁትን ጻፉና ለምን እንደተለየ ጠይቁ። ኢዕቲባር ማለት ያው ነው። ሦስተኛ፣ ዕውቀት የሚቀበልና የሚያስረክብ ይፈልጋልና የተማራችሁትን ለታናናሾቻችሁ አስረዱ። የካርቶኑን ሙከራ ለአንድ ፍሬሽ ተማሪ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።